በእንግሊዝኛ የንግድ ጽሕፈት የትልቁ ፊደል አገባብ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፣ የነጋዴ ስምምነት ሁሉ መጨረሻው ወረቀት ነው። በተለይም ከውጭ አገር ጋራ በሚደረገው ንግድ፣ ዕቃው በመርከብ ከመጫኑ በፊት ደብዳቤው ይቀድማል፤ ዕቃው ተራግፎ ከተሸጠ በኋላም ሰነዱ በመዝገብ ቤት ይቀራል። ይህም ደብዳቤና ሰነድ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ጠንቅቆ ማወቅ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም የሥራው አንድ ክፍል ሆኗል።

ብዙዎች ጸሐፊዎች የቃሉን አጻጻፍ በመዝገበ ቃላት እየተመለከቱ ያርማሉ። በተለምዶ «ካፒታል» የሚባለውን ትልቁን ፊደል ግን እንደ ጌጥ ብቻ በመቍጠር ቸል ይሉታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም፤ «ሀ» በሰው ስም መጀመሪያ ላይ ብትውል፣ በግሥ መካከልም ብትገባ ያችው «ሀ» ናት። የዐረብና የዕብራይስጥ ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ተኰትኵቶ ያደገ ጸሐፊ እንግሊዝኛ ሲጽፍ፣ አንዱ ትልቁን ፊደል ፈጽሞ ይተወዋል፤ ሌላው ደግሞ ደብዳቤው እንዲያምርለት በየቃሉ ራስ ላይ ይበትነዋል። ሁለቱም ደንበኛውን ያሳስታሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ገንዘብ ያስከፍላሉ። ይህ ጽሑፍ የትልቁን ፊደል ደንብ ባጭሩ ከገለጸ በኋላ፣ አንዲት ፊደል በንግድ ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት በማስረጃ ያሳያል።

የሁለቱ ፊደሎች አመጣጥ

የጥንት ሮማውያን በድንጋይ ላይ የሚቀርጹት በትልቁ ፊደል ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ113 ዓ.ም. በሮም ከተማ የቆመው የትራያኖስ ዐምድ ጽሕፈት፣ የዛሬው ትልቅ ፊደል ለተቀረጸበት መልክ ዋና ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ትንሹ ፊደል ግን በብራና ላይ ቶሎ ቶሎ ከሚጽፉ የቁም ጸሐፊዎች እጅ ቀስ በቀስ የወጣ ነው፤ በ800 ዓ.ም. ገደማ በታላቁ ካርል መንግሥት ዘመን በሥርዐት ተስተካክሎ ተስፋፋ። የማተሚያ መኪና ከተፈለሰፈ በኋላም፣ ፊደል ለቃሚው ትልልቆቹን የእርሳስ ፊደሎች በላይኛው ሣጥን፣ ትንንሾቹን በታችኛው ሣጥን ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ ሁለቱን ፊደሎች «የላይኛው ሣጥን» እና «የታችኛው ሣጥን» እያሉ ይጠሯቸዋል።

በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ብዙውን የዕቃና የነገር ስም ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምሩት ነበር፤ በ1787 ዓ.ም. የተጻፈውን የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የተመለከተ ሰው ይህን ልማድ ያገኘዋል። ጀርመኖች ልማዱን እስከ ዛሬ አጽንተው ሲይዙት፣ እንግሊዝኛ ግን ትቶታል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ውስጥ «ዕቃ»፣ «ዋጋ»፣ «ሣጥን» የሚሉትን ቃሎች ያለ ምክንያት በትልቅ ፊደል መጀመር ያረጀ አጻጻፍ ነው።

ሥራውን ያቀለለውም ያወሳሰበውም የጽሕፈት መኪና ነው። በ1874 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው የሬሚንግተን ፋብሪካ የመጀመሪያ የጽሕፈት መኪና የሚጽፈው በትልቁ ፊደል ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ፊደሎች ማፈራረቅ የሚቻልበት መኪና የወጣው በ1878 ዓ.ም. ነው። ቴሌግራምና ቴሌክስም የትልቅና የትንሽ ልዩነት አያውቁም ነበር። አሮጌ የንግድ መዝገቦች በትልቅ ፊደል ብቻ የተሞሉት፣ ይኸውም ልማድ በአንዳንድ ቢሮዎች እስከ ዛሬ የቀረው፣ ከዚሁ የተነሣ ነው።

መሠረታዊው ደንብ

የንግድ ቤት ጸሐፊ በየቀኑ የሚያስፈልገው ደንብ ከዚህ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ዐረፍተ ነገር ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራል።

2ኛ፤ የተጸውዖ ስም፣ ይኸውም የሰው፣ የአገር፣ የከተማ፣ የወንዝና የድርጅት ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ከአገር ስም የወጣ ቅጽልም እንደዚሁ ነው፤ «የኢትዮጵያ ቡና» ሲባል «ኢትዮጵያን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትልቁ ይጻፋል፤ «ኮፊ» የሚለው ግን በትንሹ ይቀራል።

3ኛ፤ የዕለታት፣ የወራትና የበዓላት ስም በትልቁ ይጀምራል፤ የወቅቶች ስም፣ ይኸውም በጋ፣ ክረምት፣ ጸደይና መፀው ግን በትንሹ ነው። ስለዚህ «ዕቃው በማርች ይጫናል» ሲባል የወሩ ስም በትልቅ ኤም መጀመር አለበት፤ በትንሹ ከተጻፈ ግን ቃሉ «መዝመት፣ በሰልፍ መሄድ» ማለት ይሆናል። «ሜይ» የሚለውም የወር ስም በትንሽ ፊደል ሲጻፍ «ይሆናል፣ ይቻላል» የሚል ረዳት ግሥ ነው።

4ኛ፤ የማዕርግ ስም ከሰው ስም ፊት ሲቀድም በትልቁ ይጻፋል፤ «ሚስተር»፣ «ዶክተር»፣ እንዲሁም «አቶ» እና «ወይዘሮ» የሚሉት የኛው መጠሪያዎች በዚህ ይመደባሉ። ያለ ሰው ስም ሲነገር፣ ለምሳሌ «ሥራ አስኪያጁ ከነገ ወዲያ ይመለሳል» ሲባል፣ ማዕርጉ በትንሹ ይጻፋል። ከፊርማ በታች ሲውል ግን በትልቁ ይጀምራል።

5ኛ፤ «ባንክ»፣ «ኩባንያ»፣ «ምክር ቤት» የሚሉት ቃሎች የአንድ ድርጅት ሙሉ ስም ክፍል ሲሆኑ በትልቁ፣ በጠቅላላው ሲነገሩ በትንሹ ይጻፋሉ።

6ኛ፤ የሰላምታው መክፈቻ «ዲር ሰር» ሁለቱም ቃሎች በትልቁ ይጀምራሉ። የመዝጊያው «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ግን የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው በትልቁ የሚጀምረው፤ ሁለተኛው በትንሹ ነው። በዚህች ስፍራ ላይ የሚሳሳቱ ጥቂቶች አይደሉም።

7ኛ፤ የአቅጣጫ ስም የታወቀ ክፍለ ዓለም ሲያመለክት፣ ለምሳሌ «ምሥራቅ አፍሪካ» ሲባል፣ በትልቁ ይጻፋል፤ «መጋዘኑ ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ ነው» ሲባል ግን በትንሹ ነው።

8ኛ፤ «እኔ» የሚለው የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ምን ጊዜም በትልቅ አይ ይጻፋል። «አንተ» ወይም «እርስዎ» ለማለት የሚነገረው ቃል ግን በዐረፍተ ነገር መካከል በትንሹ ነው። ጀርመኖች «እርስዎ» የሚለውን ቃል ለአክብሮት በትልቅ ፊደል ይጀምሩታል። «አንቱታ» የለመደ የኛ አገር ጸሐፊም ደንበኛውን ለማክበር ሲል በእንግሊዝኛ እንደዚሁ ሊያደርግ ይፈተናል። እንግሊዝኛ ግን አክብሮትን የሚገልጸው በቃላቱ ምርጫና በማዕርጉ እንጂ በፊደሉ መጠን ስላይደለ፣ ይህ አያስፈልግም።

በአንዲት ፊደል የሚለወጥ ዕቃ

ባለሱቆች ከሁሉ በፊት ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እንግሊዞች ብዙ የዕቃ ስሞችን ያወጡት ዕቃው ከመጣበት አገር ነው፤ አገሩ በትልቅ ፊደል፣ ዕቃው በትንሹ ይጻፋል። «ቻይና» በትልቅ ሲ አገሪቱ ናት፤ በትንሽ ሲ ግን የሸክላ ገበታና ስኒ የሚሠራበት ነጩ ገል ነው። ስለዚህ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ በትንሽ ፊደል «የቻይና ስኒ» የተባለ ዕቃ በእንግሊዝ አገር ወይም በጃፓን የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ገሉ ዐይነት ነውና። እንዲሁም «ጃፓን» በትንሽ ፊደል ሲጻፍ ጥቍርና አንጸባራቂ ቫርኒሽ ነው፤ «ቱርኪ» በትንሹ በፈረንጆች በዓል የሚታረደው ትልቅ ወፍ ነው፤ «ሞሮኮ» በትንሹ ከፍየል ሌጦ የሚዘጋጅ ለስላሳ ቆዳ ነው። በትልቅ ፒ የተጻፈው «የፖላንድ» ማለት የሚሆነው ቃል ደግሞ በትንሽ ፒ ሲጻፍ የጫማ ቀለምና ማንኛውም ማወልወያ ነው። ቃሉ ሲነበብ ድምፁ ይለያያል፤ በወረቀት ላይ ግን ከመጀመሪያዋ ፊደል በቀር የሚለየው የለም።

በቀረጥ ማስገለጫ ላይ የዕቃው ዐይነትና የተሠራበት አገር በየራሳቸው ስፍራ የሚሞሉ ስለ ሆኑ፣ ይህን ልዩነት የሚያውቅ አስመጪ ኢንቮይሱን ሲያነብ የዕቃውን ስም ከአገሩ ስም ጋራ አያደባልቅም።

የቴርሞስ ክርክር

አንዲት ፊደል በፍርድ ቤት የተወሰነችበት የታወቀ ጕዳይ አለ። በአገራችን ብዙ ሰው «ፔርሙዝ» የሚለውን፣ ቡናና ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያቈየውን ዕቃ የማያውቅ የለም። የዕቃው መሠረት ጀምስ ዱዋር የተባሉት የስኮትላንድ ሊቅ በ1892 ዓ.ም. የሠሩት ባለ ሁለት ግድግዳ ጠርሙስ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ስለሚወጣ ሙቀት በቀላሉ አያልፍም። «ቴርሞስ» የሚለው ስም በ1904 ዓ.ም. በጀርመን አገር ለዚህ ዕቃ የንግድ ምልክት ሆኖ ወጣ፤ በ1907 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አንድ ኩባንያ በዚሁ ስም ሥራውን ጀመረ።

ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሙ በየቤቱ እንዲነገር አጥብቆ ደከመ፤ «ቴርሞስ» የቤተ ሰብ ሁሉ ቃል መሆኑንም በማስታወቂያው በኵራት ገለጸ። ምኞቱ ተፈጸመለት፤ ጕዳቱም ከዚያው መጣ። ሕዝቡ የማንኛውንም ፋብሪካ ዕቃ «ቴርሞስ» ማለት ጀመረ። ከጊዜ በኋላ አላዲን የተባለው ተወዳዳሪ ፋብሪካ ይህንኑ ቃል ለራሱ ጠርሙስ ሊጠቀምበት በተነሣ ጊዜ፣ የስሙ ባለቤት ከሰሰ። በክርክሩ ላይ በቀረበው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ዕቃውን ከሚያውቁት አሜሪካውያን ከመቶ 75 ያህሉ «ቴርሞስ» ብለው እንደሚጠሩት፣ ቃሉ የንግድ ምልክት መሆኑን የሚያውቁት ግን ከመቶ 12 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ ተገለጸ።

የኮኔቲከት ፌዴራል ፍርድ ቤት በ1962 ዓ.ም. የሰጠውና የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1963 ዓ.ም. ያጸናው ውሳኔ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት ነው። ዳኞቹ ቃሉ የሕዝብ ሆኗል አሉ። ሆኖም የቀድሞው ባለቤት ፈጽሞ ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ ጥቂቶችም ቢሆኑ ምልክቱን የሚያውቁ ገዢዎች እንዳይታለሉ፣ ሁለቱን ወገኖች በፊደል ለዩአቸው። አላዲን ቃሉን ሲጠቀም በትንሽ ቲ ብቻ እንዲጽፈው፣ ከፊቱም የራሱን ስም እንዲያስቀድም፣ «ዋናው» ወይም «እውነተኛው» የሚል ቃልም እንዳይጨምርበት ታዘዘ። ባለቤቱ ደግሞ በተመዘገቡት የምልክቱ አጻጻፎች ለብቻው መጠቀሙን እንዲቀጥል ተፈቀደለት። የአንድ ትልቅ ኢንዱስትሪ ስም በዚህ ሁኔታ በቲ ፊደል መጠን ተከፈለ።

ከዚህ የሚወሰደው ምክር ቀላል ነው። የራሱ የንግድ ምልክት ያለው ነጋዴ በማስታወቂያውም፣ በደብዳቤውም፣ በሱቁ ሰሌዳም ላይ ምልክቱን ምን ጊዜም በትልቅ ፊደል ይጀምረው፤ ከስሙም ቀጥሎ የዕቃውን ዐይነት ይጻፍ። «እገሌ ሳሙና»፣ «እገሌ ዱቄት» ማለት ይገባዋል እንጂ፣ ስሙን ብቻውን ለዕቃው መጠሪያ አያድርገው። የሌላውን ሰው ምልክት የሚሸጥ ባለሱቅም እንዲሁ ቢያደርግ ከክርክር ይድናል። «አስፕሪን» የሚለው ስም በአሜሪካ በ1921 ዓ.ም. በተሰጠ ፍርድ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ለሁሉ የተፈቀደ ቃል ሆኗል፤ በዚያ አገር በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ስለዚህ ነው።

የኛ ቡናና የኛ ቅባት እህል

የኢትዮጵያ ላኪዎች ይህን ጕዳይ በራሳቸው ዕቃ ላይ አይተውታል። በ2005 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ሲዳሞና ሐረር የቡና ዐይነት የተለመደ መጠሪያ ሆነዋል የሚል ተቃውሞ ከአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ወገን ተነሣ፤ ይህም በቴርሞስ ላይ የተሰነዘረው ክርክር ራሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ ስምምነት ተደረገ፤ ስሞቹም በመጨረሻ ተመዘገቡ። እንግዲህ ላኪው ራሱ በኢንቮይሱ ላይ «ሲዳሞ» የሚለውን በትንሽ ፊደል ቢጽፈው፣ አገሪቱ ተከራክራ ያስከበረችውን ስም እንደ ተራ የዕቃ መጠሪያ አድርጎ ማቅለሉ ነው።

የእፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ላይ የሚጻፈው የሳይንስ ስም ግን የራሱ ደንብ አለው። ስሙ ሁለት የላቲን ቃሎች ያሉት ነው፤ የመጀመሪያው በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ሁለተኛው ምን ጊዜም በትንሽ ነው። ቡና «ኮፌያ አራቢካ»፣ ሰሊጥ «ሴሳሙም ኢንዲኩም»፣ ጤፍ «ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ይባላሉ። ሁለተኛው ቃል ከአገር ስም የወጣ እንኳ ቢሆን ደንቡ አይለወጥም። ኑግ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ይባላል፤ ስሙ የአገራችንን የጥንት መጠሪያ የያዘ ቢሆንም «አቢሲኒካ» በትንሽ ኤ ይጻፋል። ለአገሩ ክብር ሲል በትልቁ የጻፈ ጸሐፊ ቢኖር፣ ፍቅሩ የሚመሰገን ቢሆንም አጻጻፉ ስሕተት ነው።

ልክና መጠን

ከሁሉ የሚያሠጋው ስሕተት ያለው በመለኪያ ምልክት ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዐት ትልቁና ትንሹ ፊደል የተለያየ ትርጕም አላቸው። ትንሽ ኤም ከሌላ ምልክት ፊት ሲቆም «ሚሊ»፣ የሺህ አንድ እጅ ማለት ነው፤ ትልቅ ኤም ግን «ሜጋ»፣ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ ሚሊዋትና ሜጋዋት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ሲሆን፣ የኀይላቸው ልዩነት ግን አንድ ሺህ ሚሊዮን ጊዜ ነው። የመድኀኒት አስመጪም ይህን ያስተውል፤ ሚሊግራም በትንሽ ኤም ካልተጻፈ ምልክቱ ሜጋግራም ይሆናል፤ ሜጋግራም ደግሞ አንድ ቶን ነው። ይህን ያህል መድኀኒት ለአንድ ሕመምተኛ ማንም እንደማይሰጥ የታወቀ ቢሆንም፣ ምልክቱን ሲያይ የሚጠራጠር ፋርማሲስት ሥራውን ማቆሙና ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም፤ ዕቃውም እስኪጣራ ድረስ ይቆያል።

ኪሎ በትንሽ ኬ ይጻፋል። በየሱቁ ማስታወቂያና በየማዳበሪያው ላይ በትልቅ ኬ ተጽፎ የሚታየው ኪሎግራም ከደንቡ ውጭ ነው፤ ትልቅ ኬ ኬልቪን የተባለው የሙቀት መለኪያ ምልክት ነው። ቶን በትንሽ ቲ ነው፤ ትልቅ ቲ ቴስላ የተባለው የማግኔት መለኪያ ነው። ሊትር በትንሽም በትልቅም ኤል ሊጻፍ ይችላል፤ ትንሹ ኤል ከ1 ቍጥር ጋራ ስለሚመሳሰል ትልቁ በ1979 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ጉባኤ ተፈቅዷል። በሊቃውንት ስም የተሰየሙ መለኪያዎች ምልክታቸው በትልቅ ፊደል ነው፤ ቮልት በቮልታ፣ አምፔር በአምፔር፣ ዋት በጀምስ ዋት ስም ስለ ተሰየሙ ቪ፣ ኤ እና ደብልዩ በትልቁ ይጻፋሉ። ስለዚህ የጄኔሬተር ጕልበት የሚነገርበት ኪሎቮልት አምፔር የሚጻፈው በትንሽ ኬ፣ በትልቅ ቪ እና በትልቅ ኤ ነው። የመለኪያው ሙሉ ስም በቃል ሲጻፍ ግን፣ «ዋት»ም «ቮልት»ም በትንሽ ፊደል ይጀምራሉ።

የስልክ፣ የኮምፒዩተርና የኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ ደግሞ የቢ ፊደልን ይመርምር። ትንሽ ቢ «ቢት» ነው፤ ትልቅ ቢ «ባይት» ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መሣሪያ የሚያሳልፈው 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። በትንሹ ፊደል የተጻፈውን እንደ ትልቁ አንብቦ ለደንበኛ የሸጠ ሰው፣ ሳያውቀው ስምንት እጥፍ ቃል ገብቷል ማለት ነው። የኬሚካል አስመጪም እንደዚሁ፤ ትልቅ ሲ እና ትንሽ ኦ ኮባልት የተባለው ብረት ነው፤ ሁለቱም በትልቁ ሲጻፉ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ነው።

የውልና የባንክ ሰነዶች

በውል ጽሕፈት ትልቁ ፊደል የሕግ ሥራ አለው። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ውል መጀመሪያ ላይ «ሻጭ»፣ «ገዢ»፣ «ዕቃ» የሚሉትን ቃሎች በትርጓሜ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ በትልቅ ፊደል በተጻፉ ቍጥር ያንን የተወሰነ ትርጓሜ ይይዛሉ። «ዕቃ» በትልቁ ሲጻፍ በውሉ የተዘረዘረው 300 ኩንታል ሰሊጥ ነው እንበል፤ በትንሹ ሲጻፍ ግን ማንኛውም ዕቃ ሊሆን ይችላል። አንዱ አንቀጽ በትልቁ፣ ሌላው በትንሹ ከተጻፈ፣ ክርክር በሚነሣበት ጊዜ ጠበቃው «ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» ለማለት በር ያገኛል። ስለዚህ ውል የሚፈርም ነጋዴ ትርጓሜ የተሰጣቸው ቃሎች ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ዐይነት መጻፋቸውን ይመርምር።

የማስረከቢያ ደንቦች በሦስት ትልልቅ ፊደሎች ይጻፋሉ፤ ኤፍ ኦ ቢ፣ ሲ አይ ኤፍ፣ ኤፍ ሲ ኤ እነዚህን ይመስላሉ። ደንቦቹን በ1936 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በፓሪስ ያለው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው እትም 11 ደንቦች አሉት። አጻጻፉ ሙሉ የሚሆነው ከሦስቱ ፊደሎች በኋላ የወደቡ ወይም የስፍራው ስም በትልቅ ፊደል ተጀምሮ፣ ቀጥሎም «ኢንኮተርምስ 2020» ሲባል ነው። «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ ኢንኮተርምስ 2020» የሚለው ለዚህ ምሳሌ ነው።

የገንዘብ መለያዎችም ሦስት ትልልቅ ፊደሎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ የአገሩ፣ ሦስተኛው የገንዘቡ ነው፤ የኢትዮጵያ ብር ኢ ቲ ቢ፣ የአሜሪካ ዶላር ዩ ኤስ ዲ ይባላሉ። በዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን «ብር»ም «ዶላር»ም በትንሽ ፊደል ይጻፋሉ። የመርከብ ኮንቴይነር ቍጥር ደግሞ አራት ትልልቅ ፊደሎች፣ ስድስት ቍጥሮችና አንድ የመቈጣጠሪያ ቍጥር አሉት። በዚህ ላይ ኦ ፊደልን ከዜሮ ማምታታት ስለሚያጋጥም፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ፊደል፣ የቀሩት ሰባቱ ቍጥር መሆናቸውን የሚያስታውስ ጸሐፊ አይሳሳትም።

ስለ ኤል ሲ ማስታወስ የሚገባው ባንክ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ ባንኩ ሰነዱን ለመመርመር ያለው ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው። የምርመራው ልማድ በተጻፈበት መመሪያ፣ የቃሉን ትርጕም የማይለውጥ የፊደል ስሕተት ሰነዱን አያስጥልም፤ ለምሳሌ «ማሽን» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዲት ፊደል ብትሳት ገንዘቡ አይከለከልም። የሞዴል ቍጥር 321 መሆን ሲገባው 123 ቢባል ግን ያስጥላል። እንግዲህ ትልቁ ፊደል ትርጕም በማይለውጥበት ስፍራ ሁሉ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ትርጕም በሚለውጥበት ስፍራ፣ ይኸውም በመለኪያ፣ በመለያና በሞዴል ላይ ግን ቸልታ አይገባም።

የኢትዮጵያውያን ስም በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ገብረ ማርያም»፣ «ወልደ ጊዮርጊስ»፣ «ኀይለ ሥላሴ» የመሳሰሉት ስሞች በእንግሊዝኛ አንድ ሆነው በአንድ ትልቅ ፊደል፣ ወይም ሁለት ሆነው በሁለት ትልልቅ ፊደሎች ሊጻፉ ይችላሉ። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም። ነገር ግን በንግድ ፈቃዱ አንድ ዐይነት፣ በኢንቮይሱ ሌላ ዐይነት፣ በባንኩ ሂሳብ ሦስተኛ ዐይነት ከሆነ፣ የውጭ አገር ባንክ የሦስት ሰዎች ስም ሊመስለው ይችላል። በፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ስፍራ እሱኑ መጠቀም ይሻላል። ፈረንሳዮች የቤተ ሰብን ስም በሙሉ በትልልቅ ፊደል መጻፍ ይወዳሉ፤ የኛ አገር ሰው ግን የቤተ ሰብ ስም ስለሌለው የአባቱን ስም በዚህ ዐይነት ቢጽፍ፣ ደንበኛው በአባቱ ስም ይጠራው ጀመር ማለት ነው።

ሁሉን በትልቅ ፊደል ስለ መጻፍ

አንዳንዶች ስሕተትን ለማምለጥ ደብዳቤውን በሙሉ በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ። ይህ መፍትሔ አይደለም። ትልልቆቹ ፊደሎች ሁሉም ቁመታቸው እኩል ስለ ሆነ የቃሉ መልክ ይጠፋል፤ ዐይንም በቀላሉ አይለየውም። በእንግሊዝ አገር በ1958 ዓ.ም. የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ሲከፈት፣ የመንገዱ ምልክቶች የከተሞችን ስም በትልቅ ፊደል ጀምረው በትንሽ ፊደል የጻፉት ሹፌሩ ከሩቅ አይቶ ቶሎ እንዲለያቸው ነው። በኢሜይል ደግሞ ሁሉን በትልቅ ፊደል መጻፍ በደንበኛ ፊት እንደ መጮኽ ይቈጠራል።

በአሜሪካ የንግድ ሕግ፣ ዋስትናን የሚቀንስ ቃል በግልጽ መታየት አለበት፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ርእስም ለዚህ ማሳያ ከሚሆኑት አንዱ ነው። ሆኖም በ2002 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ትልልቅ ፊደል ብቻውን ጽሑፍን ግልጽ እንደማያደርገው አስጠንቅቋል፤ ሁሉ ትልቅ በሆነበት ገጽ ትልቅ የሚባል የለምና።

ስለዚህ በንግድ ቤት ያለ ጸሐፊ ደብዳቤውን ለፊርማ ከማቅረቡ በፊት ሦስት ጊዜ ይመልከተው። በመጀመሪያ የሰውን፣ የድርጅትንና የንግድ ምልክትን ስም፤ ቀጥሎ የመለኪያውንና የገንዘቡን ምልክት፤ በመጨረሻም በውሉ የተተረጐሙትን ቃሎች ይመርምር። የዚህ ምርመራ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ነጋዴውም ከመፈረሙ በፊት «ይህች ፊደል ለምን ትልቅ ሆነች?» ብሎ ቢጠይቅና ጸሐፊው ምክንያቱን ሊነግረው ቢችል፣ የዚያ ቤት ደብዳቤ በውጭ አገር ደንበኛ ዘንድ እምነት ያተርፋል።